ስምንት ሰዓት ስንት ሰዓት ነው?

ለስልክ ኩባንያው የደንበኞች አገልግሎት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለራስዎ ጤናን፣ ለቤተሰብዎ ሰላምን፣ ለአንቴናዎችዎም ረጅም ዕድሜን እመኛለሁ። ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ ከባለቤትዎ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጠው የሚነጋገሩ ሰው እንደሚሆኑ እገምታለሁና በደስታዎ ደስ ይለኛል። እኔ ላለፉት አራት ዓመታት ከባለቤቴ ጋር የምገናኘው በእርስዎ በኩል ነው። በመካከላችን ከእርስዎ የቀረበ ዘመድ የለንም።

በአማርኛ የምጽፍልዎ በድፍረት አይደለም። የአገርዎን ቋንቋ እንደ ዳኛ ባልናገረውም አንብቤ እረዳዋለሁ፤ የቤት ኪራይ ውል ፈርሜበታለሁ፣ የሥራ ማስጠንቀቂያም ደርሶኝበታል። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ኩባንያዎ ደንበኞቹን ሁሉ በየአፋቸው ለማገልገል ሲነሣ፣ በሱቅዎ ጠረጴዛ ኋላ የምትቆመው ልጅ ስልኬን ተቀብላ፣ ስሜን አይታ፣ እኔን ሳትጠይቅ ወደ አማርኛ አዞረችልኝ። ከዚያ ወዲህ ከእናንተ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ፣ ማስታወቂያውም፣ ማስጠንቀቂያውም፣ ይቅርታውም በአማርኛ ነው። ወደ ነበረበት እንድትመልሰው ሦስት ጊዜ ለምኛት፣ መመለሻው ለጊዜው እንደማይሠራ ሦስት ጊዜ በፈገግታ ነግራኛለች። ስለዚህ በተመደብኩበት ቋንቋ አቤት እላለሁ። የአገሬ ልጆችም ይጠቀሙበት ዘንድ ደብዳቤውን በማኅበራችን ጋዜጣ ላይ አወጣዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ አክብሮትዎ አመሰግናለሁ። መልእክታችሁ ሁልጊዜ «ውድ ደንበኛ» ብሎ ይጀምራል፤ የጥቅሉን ዋጋ ለሚያውቅ ሰው ይህ እውነት ነው። ከዚያ ግን ማሽኑ አንቺ ይለኛል። «ጥቅልሽ ሊያልቅ ነው፤ ቶሎ አድሺ» ይላል። ዕድሜዬ አርባ ዘጠኝ ነው፣ ጺሜም ሸብቷል። ከጎኔ ባለው ክፍል የሚኖር አንድ የአገሬ ሰው አለ፤ ቻርጀር ከኪሱ ስለማይለይ ጋሽ ቻርጀር እንለዋለን። እርሱ ይህን ባነበበ ጊዜ፣ ይህን ያህል ዓመት ግድግዳ ተጋርተን እኔ ያላየሁብህን ኩባንያው አይቶብህ ይሆናል አለኝ፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ በኮሪደሩ ስንተላለፍ «እሜቴ፣ እንዴት አደሩ» ይለኛል። ይህን እንደ በደል አልቆጥረውም። የቆጠርኩት፣ በደል ምን እንደሆነ ከማወቄ በፊት ነበር።

ሁለተኛ፤ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

ባለቤቴ ወደ እኔ እንድትመጣ ያመለከትነው ከአራት ዓመት በፊት ነው። የውጭ አገር ዜጎች ጉዳይ መሥሪያ ቤት በአራተኛው ዓመት ቀጠሮ ሰጠን፤ ባልና ሚስት በያሉበት ሆነው፣ ማክሰኞ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት፣ በቪዲዮ ለመርማሪው እንዲቀርቡ። መጥሪያው በእናንተ ቋንቋ ስለተጻፈ «ዘጠኝ» ይላል፤ እኔም እንደ እናንተ ቆጥሬ በትክክል ተረዳሁት። ይህን ልብ እንዲሉልኝ እለምናለሁ። ጭንቅላቴ ውስጥ ሁለት ሰዓት አለ። የትኛው እንደሚሠራ የሚወስነው ቋንቋው ነው። በእናንተ ቋንቋ «ስምንት» ሲባል ቀኑ ገና መጀመሩ ነው፤ በአማርኛ ስምንት ሰዓት ሲባል ግን ምሳ ተበልቶ፣ ሳሕኑ ታጥቦ፣ ሰው ማዛጋት ጀምሯል። እናንተ የምትቆጥሩት ከእኩለ ሌሊት ነው፤ እኛ ደግሞ ሰው ከእንቅልፉ ከተነሣ በኋላ። ይህን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። የኩባንያዎ ማሽን ግን ልጅ ሆኖ አያውቅም።

እኔ የምሠራው ናይት ክለብ ውስጥ ነው። ጨፋሪው ሲወጣ፣ ጠዋት የምገባ የጽዳት ሠራተኛ ነኝ። መብራቱ ሲበራ ያ ሁሉ ጌጥ ያረጀ መጋዘን ነው፤ ወለሉ በፈሰሰ መጠጥ ተጣብቆ ጫማ ይይዛል፣ ከወንበሩ ሥር ያለውን ማስቲካ በቢላ እፍቃለሁ። ሥራ አስኪያጁ ደግ ሰው ነው። ፎቅ ላይ ባለው ቢሮው በሽቦ የሚገባ ኢንተርኔት ስላለ፣ ለቀጠሮዬ ቢሮውን ሊያውሰኝ ፈቅዶ ነበር። ሰኞ ማታ ግን ከእናንተ ይህ መጣልኝ፦ «ውድ ደንበኛ፣ ነገ በአካባቢሽ ለጥገና ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት አገልግሎት ይቋረጣል። ለትዕግሥትሽ እናመሰግናለን።»

ለጋሽ ቻርጀር አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለት ጊዜ አነበበና፣ ከምሳ በኋላ ነው፣ አንተ እስከዚያ ሚስትህን ተቀብለህ ጨርሰሃል አለኝ። እኔም ከቤቴ ልቅረብ ብዬ ወሰንኩ። መርማሪው መኖሪያ ክፍሉን አሳይ ሊል እንደሚችል መጥሪያው ይገልጻል፤ እኔም የማሳየው ነበረኝ። ሁለተኛ ወንበር ገዝቻለሁ። የግድግዳውን እርጥበት በመጋረጃ ሸፍኛለሁ። የክለቡ ቢሮ ግድግዳ ላይ ግን ጡቷ ሊታይ ጥቂት የቀረው የአንዲት ዘፋኝ ሥዕል ተለጥፏል፤ ከእርሷ ፊት ተቀምጦ ሚስቴን ስጡኝ ማለት አልወደድኩም።

ማክሰኞ በአሥራ ሁለት ሰዓት ተነሣሁ። ተላጨሁ፣ ኮቴን ለበስኩ፣ ስልኩን በሁለት ብርጭቆ መካከል አቆምኩ። ልክ በሁለት ሰዓት መስመሩ ጠፋ። መጥፋቱ ገና ከሰዓት በኋላ መሆኑን ስለማውቅ አልደነገጥኩም። ስልኩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ካርዱን አውጥቼ በሸሚዜ ጠርጌ መለስኩ፣ ወደ መስኮት ወሰድኩት፣ ወደ ደረጃ ወጣሁ። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ወደ መንገድ ሮጥኩ። ሱቅዎ ዘንድ ደረስኩ፤ ያችው ልጅ የእነርሱም ሲስተም እንደጠፋ ነገረችኝ፣ ውኃ ልስጥዎት ወይ አለችኝም። ከዚያ ወደ ክለቡ የሚሄደውን አውቶቡስ ያዝኩ። ሥራ አስኪያጁ በሩን ከፍቶልኝ ከዘፋኟ ሥር ስቀመጥ ሦስት ሰዓት ከሃያ አምስት ሆኖ ነበር። ስብሰባው የተዘጋው ሦስት ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ነው።

ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ምስጋና ከኩባንያዎ ወደ ሌላ ኩባንያ ማዞር አለብኝ። እኔና ባለቤቴ አንድ ወር ሙሉ የፈራነው የእርሷን መስመር ነበር። ባሕር ማዶ ኔትወርክ እንደ ቧንቧ ውኃ ይወርዳል፣ እኛ ዘንድ ነው የሚቆራረጠው እያልን፣ እርሷ ካለችበት ተነሥታ እኅቷ ቤት ወርዳ አድራለች። የእርሷ መስመር አንዲት ሰከንድ እንኳ አልተቋረጠም። ፊቷ ጥርት ብሎ፣ ድምፅዋ ጥርት ብሎ፣ ባልሽ የት አለ ሲሏት አሁን ይገባል እያለች፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብቻዋን ተቀምጣለች። መርማሪው «ባል አልቀረበም» ብሎ ጻፈ። መዝገቡ ተዘጋ። እንደ አዲስ የሚያመለክት ሰው ወረፋው ስንት ዓመት እንደሆነ ነግሬዎታለሁ።

ሦስተኛ፤ ላቀረብኩት አቤቱታ በሁለት ቀን ውስጥ መልስ ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ። መልሱ «መልእክቱ በትክክል ደርሶሻል፤ አገልግሎቱም በተነገረሽ ሰዓት ተቋርጦ በተነገረሽ ሰዓት ተመልሷል» ይላል። በዚህ ላይ ክርክር የለኝም፤ ሰዓት አክባሪዎች ናችሁ። ለደረሰብኝ መጉላላትም አንድ ጥቅል ተሰጥቶኛል። ጥቅሉ የሚሠራው ቅዳሜና እሑድ ሌሊት ብቻ ሲሆን፣ ስሙ «የጭፈራ ሌሊት» ነው። የጭፈራ ሌሊት ለእኔ የምተኛበት ነው፤ ጠዋት ማስቲካ የሚፍቅ ሰው ሌሊቱን ማረፍ አለበትና።

አራተኛ፤ ይህን ለመጻፍ አፍሬ ነበር፣ ነገር ግን አማች የሌለው ኃላፊ የለምና ይረዱኛል ብዬ አስባለሁ። የባለቤቴ እናት ውጭ አገር ኔትወርክ ይጠፋል የሚባለውን ወሬ አልተቀበሉትም። ናይት ክለብ እንደምሠራ ሰምተዋል። ወለል እንደምወለውል ቢነገራቸውም፣ የጭፈራ ቤት ሰው ጠዋት በሦስት ሰዓት ከየት ተነሥቶ ይቀርባል፣ ከተነሣስ ብቻውን ይነሣል ወይ ብለው ለልጃቸው ነግረዋታል። ባለቤቴ መጀመሪያ ሳቀችባቸው። በሁለተኛው ሳምንት መሳቁን ተወች። ባለፈው እሑድ ደግሞ፣ ስለ ሌላ ነገር ስናወራ ቆይተን፣ ለመሆኑ መልእክቱ አለህ፣ እስቲ ላክልኝና ልየው አለችኝ። ላክሁላት። አነበበችው። «ከስምንት እስከ አሥራ አንድ ይላል እኮ፤ የእኛ ቀጠሮ ጠዋት አይደለም ወይ?» አለችኝ። አማርኛ ታውቃለች።

ለማስረዳት ግማሽ ሰዓት ፈጀሁ። ስጨርስ እሺ አለች። ክቡር ሆይ፣ እሺ ስንት ዓይነት እንደሆነ ማሽንዎ እስኪማር ድረስ በአማርኛ እናገለግላለን ባይባል እመርጣለሁ።

የምጠይቀው ካሳ አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በሠላሳ ቀን ውስጥ ይግባኝ ይቀበላል፤ ከእነዚያ ቀኖች አሥራ ዘጠኙ አልፈዋል። ያለ ጥፋቴ መቅረቴን የሚያስረዳ አንድ ገጽ ወረቀት ብቻ ይበቃል፤ በዚያ ማክሰኞ፣ በእኔ ሰፈር፣ መስመሩ ከጠዋት ጀምሮ ተቋርጦ እንደነበር የሚገልጽ፣ ማኅተም ያለበት። ሱቅ ላለችው ልጅ አመልክቻለሁ። «በሂደት ላይ ነው» የሚል መልእክት በየማለዳው ይደርሰኛል፤ አንድም ቀን ዘግይቶ አያውቅም።

አንቴናዎ ከፍ፣ ሽፋንዎ ሰፋ፣ ደንበኛዎ በዛ፣ አቤቱታው አነስ እንዲልልዎ እየለመንኩ፤ ያጠፋሁት ቢኖር በቋንቋዬ ድህነት እንጂ በንቀት እንዳልሆነ እንዲቆጥሩልኝ ደጋግሜ እየጠየቅሁ፤ በሦስተኛው ፎቅ፣ ከደረጃው በስተግራ፣ ሁለት ወንበር ካለው ክፍል፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአንዲት ሴት ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤው ወደ ጋዜጣው ከመሄዱ በፊት የለመንኩት ወረቀት መውጣቱን ሰማሁ፤ ችኮላዬን ይቅር ይበሉኝ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ ሰፈሬን ሳይቀር በትክክል ይጠራል። የተጻፈው ደግሞ በመዝገባችሁ ላይ ባለኝ ቋንቋ ስለሆነ በአማርኛ ነው፤ «አገልግሎቱ ከ8 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ተቋርጦ ነበር» ይላል። መሥሪያ ቤቱ አማርኛ ስለማያነብ፣ በደንቡ መሠረት ወረቀቱ በእኔ እጅ ሳያልፍ ፈቃድ ወዳለው ተርጓሚ ተልኮ፣ ከዚያም ታሽጎ ወደ መዝገቤ ገብቷል። ተርጓሚው የአገሬ ሰው ነው፤ ሃያ ዓመት የሠራ፣ ሰዓት ሲተረጉም ስድስት መቀነስም መጨመርም የማይረሳ ጠንቃቃ። «ከቀትር በኋላ ከሁለት እስከ አምስት» ብሎ በትክክል ተርጉሞታል። ትናንት በመሥሪያ ቤቱ መስኮት በኩል ወረቀቱን ያሳየችኝ ሠራተኛ፣ ጠዋት ለመቅረትዎ ከሰዓት በኋላ የጠፋ መስመር ምክንያት አድርገው አቅርበዋል፣ ይህ እንደ ሐሰት ማስረጃ ሊቆጠር ይችላል አለችኝ። ይግባኙ የሚዘጋው በዚህ ሐሙስ ነው። ሰዓቱን ሆን ብዬ አልጻፍኩልዎትም።