የጎርፍ መለኪያው በትር

ሐምሌ 6
በትሬን ወሰዱብኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት የጎርፍ ውሃ የለካሁበትን በትር የገበሬዎች ኮሚቴ ሰው ሁሉ እያየ ከእጄ ወሰደ። «የሱልጣኑ ሰው ነህ» ተባልኩ። እኔ! በመላው የደቡብ የመን ላሕጅ አንድ ክንድ መሬት የሌለኝ! ለማንም አድልቼ አላውቅም።
ቁርስ ሻይና ዳቦ። እንደ ሁልጊዜው።

ሐምሌ 9
ጎረቤቴ ፈድል ሊያሾፍብኝ መጣ።
«ጓድ ሐይደራ! ዛሬስ ምን ልትለካ ነው? ፍየሎቹን?»
«አንተን እንዳልለካ ቁመት የለህም።»
ስቆ ስቆ ከኪሱ ወረቀት አወጣ። የመሬት ወረቀት። ዕድሜውን ሙሉ የሰው መሬት አርሶ ሩቡን ሲቀበል የኖረ ሰው... እንግሊዝ ከወጣ፣ ሱልጣኑ ከሸሸ በአራተኛው ዓመት የራሱ መሬት አገኘ። ማንበብ አይችልም፤ አነበብኩለት። ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። ሦስተኛውን ሳይጠይቀኝ ደገምኩት።
መሬቱን ለአራሹ መስጠታቸው ትክክል ነው። በትሬን መውሰዳቸው ግፍ ነው። አንዱ ሌላውን አይሽርም።

ሐምሌ 17
ኮሚቴው ወሰነ። ጎርፉ ሲመጣ ቦዮቹ ሁሉ ባንዴ ይከፈታሉ፣ ለሁሉም እኩል። ሐሳቡ ያኮራል። ግን ለሁሉም የተከፋፈለ ስስ ውሃ በሳምንት ይደርቃል። ማሽላው እስኪያፈራ የሚጠጣው አፈሩ ውስጥ የገባውን ነው... ይህን ማን ይንገራቸው? በትሩን የያዘ ይናገር።

ሐምሌ 28
ባሏ የሞተባት ሱዑድ በገበሬዎች ማኅበሩ በሬ ስታርስ አየኋት። ማሳዋ ከቦዩ ግርጌ፣ የመጨረሻው ነው። ውሃ ደርሶት አያውቅም።
«ዘንድሮ ይደርሰኛል ወንድሜ። ኮሚቴው ብሏል።»
ምሳ አልበላሁም።

ነሐሴ 2
ራድያ መጣች፣ የኮሚቴው ሊቀመንበር። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው። በትሬን ይዛለች።
«አጎቴ ሐይደራ፣ ስስ ውሃ ማሽላ ያበቅላል?»
«አያበቅልም።»
«ታዲያ ለምን ዝም አሉ?»
«በትሩ አንቺ ጋ ነው።»
«ይቀየሙን፣ መብትዎ ነው። ማሽላው ግን ምን አጠፋ?»
ማሳ በተራ፣ ከላይ ወደ ታች መሙላት እንዳለበት ነገርኳት።
«አንዱ ማሳ እስከ የት ይሙላ?»
«እስከ ወገብ። ደንቡ ነው።»
«ወገብ የሚለው ማሽላው ነው ወይስ ሱልጣኑ?»
ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። መልሱን ግን አውቀው ነበር። ጉልበት ይበቃል። ወገብ ያለው የሱልጣኑ ሹም ነው፤ የላይኞቹ ማሳዎች የጌታው ነበሩ። እኔ አላደላሁም... ያደላውን ደንብ በትክክል ለካሁ።
«እስከ ጉልበት» አልኳት።

ነሐሴ 3
ራድያ በስብሰባው ፊት ቆማ «ተሳስተን ነበር፤ በተራ፣ እስከ ጉልበት ይሁን» አለች። ስንት ሹም፣ ስንት እንግሊዝ መሐንዲስ አይቻለሁ። እንዲህ ያለ አንድም አልነበረም። ፈድል «እንግዲህ ቁመታችንን ልትቀንስ ነው!» ብሎ ሰውን አሳቀ። እኔም... ትንሽ።

ነሐሴ 11
ከላይኛው መንደር የምልክት ጥይት ተተኮሰ። ጎርፉ መጣ!
በትሩን ከራድያ ተቀብዬ ከውሃው ቆምኩ። ጉልበት ሲደርስ እጄን አነሣሁ። ውሃው ወደ ታችኛው ማሳ እንዲወርድ ግድቡን በዶማ ናዱት። ሁለተኛው ማሳ ሞላ፣ ግድቡ ተናደ። ሦስተኛው... ቁጥሩ ጠፋኝ። ከከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት በፊት ውሃው ሱዑድ ማሳ ገባ። መሐሉ ላይ ቆማለች።
«ውጪ!» ብለን ጮኽን።
«አልወጣም! ጉልበቴ ይድረስ!»
ደረሰ።

ነሐሴ 12
በትሩን ከጉልበት ምልክት በላይ በመጋዝ ቆረጥኩት። ቁራጩ ሻይ አፈላ። የቀረውን ለራድያ ወሰድኩላት።
«እርስዎ ጋ ይሁን እንጂ፣ አጎቴ።»
«የሁላችሁ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ጥሩኝ።»
ከእጄ ስለ መወሰዱ ከእንግዲህ አልናገርም። ለሰውም፣ ለዚህ ደብተርም።