ስለ «ቆሻሻ እሁድ» የዋሸሁት

ውድ ላቬል፣

እንደምን ሰንብተሃል? ከዚያ ግንብ ውስጥ ላለ ሰው ይህ ሰላምታ ይሁን ስድብ አላውቅም፤ ግን ሌላ መጀመሪያ አጣሁ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀደድኩት። አሁን የመጣው ይምጣ ብዬ ቀጥያለሁ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ይህን ደብዳቤ የምታነበው አንተ ብቻ አይደለህም። በዚህ ወር «ካስክ ስር» የሚለው አምዴ በሚወጣበት የመጽሔታችን ገጽ ላይ፣ ማን ከማን ጋር ታየ የሚለው ወሬ ቀርቶ ይሄ ነው የሚታተመው። እዚህ ሰፈራችን ኮምተን ውስጥ ቢጉዲን ጠቅልላ የተቀመጠች ሴት ሁሉ ከአንተ እኩል ታነበዋለች። ለምን እንዲህ እንዳደረግኩ ስትጨርስ ይገባሃል።

ዓለም በመድረክ ስምህ ባሩድ ይልሃል። እኔ ግን ላቬል ፕሩዊት ብዬ ነው የማውቅህ፤ የሚስ ኦዴሳ ትንሹ ልጅ፣ እሁድ እሁድ የፓስተር ግሪንሊን ስብከት በኦርጋን የምታጅበው፣ ሰው ፊት ስትበላ የምታፍረው። «ቆሻሻ እሁድ» የሚለው የመጀመሪያ አልበምህ በ1992 ጸደይ የወጣ ጊዜ የፀጉር ቤቱ ሴቶች እንዴት እንደሳቁብህ ነግሬህ አላውቅም። ሽፋኑ ላይ ጥቁር መነጽር አድርገህ፣ ፊትህን አኮሳትረህ ቆመሃል። ፀጉር ሠሪዋ ጃኒታ ካሴቱን አገላብጣ አየችና፣

«ይሄ ያ የኦርጋኑ ልጅ አይደል? ሽጉጥ ቢሰጡት እኮ በየትኛው ቅኝት ነው የምትጮኸው ብሎ ነው የሚጠይቀው» አለች።

«ኧረ ተዪው፣ የአባቱን መነጽር ነው ያደረገው» አለች ሌላዋ።

ከዚያ ካሴቱን ከፈትነው። «ከላውንደሪው ጀርባ» የሚለው ዘፈን ሲደርስ ማንም አልሳቀም። አንድ ሰው በእሁድ ቀትር፣ ሰፈሩ በሙሉ ቤተክርስቲያን ገብቶ ሳለ፣ የልጁን ጫማ በማድረቂያ ማሽን ሲያደርቅ ይገደላል። ገዳዩ ነው የሚናገረው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደደከመው ሰው።

ሰፈሩ ለብሶ ወጥቶ ጸሎት ቤት ገብቷል፤
ሰውየው ወድቋል፣ ቀዩ ጫማ ይዞራል።

ጃኒታ የሰው ፀጉር በእጇ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ከዚያ ትችቱ መጣ። የመሀል ከተማው ጋዜጣ፣ «ይህ ሙዚቃ ሳይሆን የእምነት ቃል ነው፤ ከእኛ ይልቅ ፖሊስ ቢሰማው ይሻላል» ብሎ ጻፈ። እሱን ለምደነዋል፤ እነሱ ስለ እኛ ደግ ቃል ካወጡ ዓመተ ምሕረቱን መዝግቦ መያዝ ነው። ያበሸቀኝ የኒውዮርኩ መጽሔት ነው። የእነሱ ሐያሲ ከአምስት ሁለት ሰጠህና እንዲህ አለ፦ «ልጁ የሚነግረን ያደረገውን ሳይሆን ሲነገር የሰማውን ነው። ድምፁ ውስጥ ያለው የገዳይ ሳይሆን የሐዘንተኛ እንጉርጉሮ ነው።» ይህን ሲል እያዋረደህ ነበር። እኛ ጋ አንድን ራፐር ዜማህ ግሩም ነው ብትለው ይቀየማል፤ ኖረኸዋል ስትለው ነው አንገቱ የሚቀናው። ከሰው የሰማው ነው ማለት ሌባ ነው ከማለት አይተናነስም።

በዚያው ሳምንት ፀጉር ቤት መጣህ። ትዝ ይልሃል? ጃኒታ ምሳዋን ልትበላ ወጥታ ነበር። በር ላይ ያለው ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጥክ።

«ሚስ ቬርሊን፣ ያንን የኒውዮርክ ሰውዬ አነበቡት?»

«አንብቤዋለሁ። ጆሮውን ጥጥ ወትፎ ነው የጻፈው። ቆይ፣ እኔ ነኝ የምመልስለት።»

ሳቅህ። «ይተዉት። ሰውዬው ልክ ነው።»

«ምኑ ነው ልክ?»

«የዱዌይን ነው። ዘፈኑ የዱዌይን ነው።»

ታላቅ ወንድምህ ዱዌይን ኩላሊቱ ከድቶት ከሞተ ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር። በሳምንት ሦስት ቀን ለእጥበት የምታመላልሰው አንተ ነበርክ። በመልስ ጉዞ፣ ሰውነቱ ዝሎ ራሱን መስኮቱ ላይ አስደግፎ፣ የላውንደሪውን ነገር ጥቂት ጥቂት እያደረገ እንደነገረህ ነገርከኝ። ተኩሶ ስለገደለው ሰው ብዙ እንዳላወራህ፣ ማድረቂያው ውስጥ ትዞር ስለነበረችው ቀይ የልጅ ሸራ ጫማ ግን መላልሶ እንደነገረህ።

«እኔ በሕይወቴ የተኮስኩት የውሃ ሽጉጥ ነው፤ እሱንም ስቻለሁ» አልከኝ።

«እንግዲያው ይህንኑ እጽፈዋለሁ። እንዲያውም ከሁሉም የበለጠ ታሪክ ነው።»

ያን ጊዜ ፊትህ ተለወጠ። «እንዳያደርጉት፣ ሚስ ቬርሊን። እማዬ ዱዌይንን ንጹሕ ልጅ አድርጋ ነው የቀበረችው። ይህን ብትሰማ አትተርፍልኝም። ይማሉልኝ።»

ማልኩልህ። መሐላዬ ዝም እንድል ነበር፤ እኔ ግን ዝም አላልኩም። እዚህ ላይ ነው ኃጢአቴ፣ ልጄ። ምንም ሳልጽፍ ማለፍ እችል ነበር፤ ወይም ዜማውን አመስግኜ መተው እችል ነበር። ነገር ግን ኒውዮርክ ተቀምጦ የእኛን ልጅ ያዋረደ ሰው ያለ መልስ ይቅር? ቤቴ ገብቼ በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት፦ «እኔ ሰፈሩን አውቃለሁ፤ ልጁንም አውቃለሁ። እዚህ ካሴት ላይ ባሩድ ራሱ ያልኖራት፣ በእጁ ያልነካት አንዲት ቃል የለችም። ለዚህ ቬርሊን ቲብስ ስሟን ታስይዛለች።»

ደውለህ፣ «ሚስ ቬርሊን፣ አበዙት እኮ» አልከኝ፤ ግን እየሳቅህ ነበር። ካሴቱ በገበያው ድንኳን ሁሉ አለቀ። ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ አመሰገነኝ። ደስ አለኝ፤ አልዋሽህም።

የያዘህ የፖሊስ መርማሪ ያቺን ጽሑፍ ያነበበው ሚስቱን ፀጉር ቤት ደጃፍ ላይ ሲጠብቅ ነው። ችሎት ላይ ራሱ ነው የተናገረው። ኤልሮይ ባስኪን የሚባል የሠላሳ አንድ ዓመት ሰው በ1986 እሁድ ቀን ላውንደሪ ውስጥ ተገድሎ፣ መዝገቡ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ቀይዋ ጫማ ሳትቆም ትዞር እንደነበር ፖሊስ ለማንም ተናግሮ አያውቅም። መርማሪው ካሴቱን ገዛ፤ ጫማዋንም ሰማት፤ መጥቶም ያዘህ።

በፍርዱ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ከእናትህ አጠገብ ተቀመጥኩ። ዘፈንህን ለአሥራ ሁለቱ የጁሪ አባላት ሁለት ጊዜ አሰሟቸው። ፓስተር ግሪንሊ ቆሞ፣ «ይህ ልጅ እሁድ ከቤተክርስቲያን ቀርቶ አያውቅም» አለ። ዐቃቤ ሕጉ፣ «የዛሬ ሰባት ዓመት፣ በዚያች እሁድ፣ በዓይንህ አይተኸዋል? ማል» ሲለው አንገቱን ደፋ። እግዚአብሔርን የሚፈራ ሰው የማያስታውሰውን አየሁ ብሎ አይምልም። ከዚያ ዐቃቤ ሕጉ መጽሔቱን አነሳ። የእኔን ጽሑፍ፣ ፎቶዬ ከላይ ተለጥፎበት፣ በጥሩ ድምፅ አነበበው። አንዲት የጁሪ አባል ራሷን ነቀነቀች። በሌላ ቀን ቢሆን እንደ ሙገሳ እቆጥረው ነበር።

ጠበቃህ የኒውዮርኩን ትችት ሊያነብ ሲነሳ እጅጌውን ጎተትከው። አይቼሃለሁ። ያ ሰው ያላየህ፣ ሰፈርህን ያልረገጠ፣ በጆሮው ብቻ ንጽሕናህን ደርሶበት ነበር፤ አንተ ደግሞ ወረቀቱ እንዳይነበብ ለመንክ። ቢነበብ ቀጥሎ «ታዲያ ከማን ሰማኸው?» የሚል ጥያቄ ይመጣላ። እናትህ ደግሞ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች።

እኔም ነበርኩ። መነሳት እችል ነበር። ቃል ገብቼለታለሁ እያልኩ ራሴን አታለልኩ። እውነቱ ግን ብነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ ስለ ጽሑፌ ነበር የሚሆነው፤ ሃያ ዓመት አንባቢ ያመናት ሴት ደግሞ ዋሽቻለሁ ብላ ከምስክሩ ወንበር ላይ መውረድ አልፈለገችም። አሥራ አምስት ዓመት ፈረዱብህ። ከማዶ የኤልሮይ እህት ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች፤ የወንድሟ ገዳይ የተያዘላት መስሏት።

ከዚያ ወዲህ ላውንደሪ ገብቼ አላውቅም፤ ልብሴን በእጄ ነው የማጥበው። የፀጉር ማድረቂያው ካስክ ስር ስቀመጥ ሙቀቱ ጆሮዬ ላይ ሲያጓራ፣ ከውስጡ የጫማ ድምፅ ይሰማኛል፤ ዱብ፣ ዱብ፣ ዱብ። ጃኒታን ካስኩን አስጠግኚው አልኳት። ምንም የለውም ትላለች። መኪኖች አሁንም ዘፈንህን ከፍተው በሮዝክራንስ ጎዳና ያልፋሉ። ልጆቹ የሚሰሙት አንተን ነው። እኔ ግን መስኮት ላይ ራሱን ያስደገፈ፣ የደከመው ሰው ነው የምሰማው። በአንተ ጉሮሮ ዱዌይን ያወራል፤ አንተ ደግሞ በእሱ ቦታ ታስረሃል። አንዳንድ ቀን የትኛችሁ እንደሞተ ይጠፋኛል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ያለፈው ዓርብ ፀጉር ቤቱ ጢም ብሎ ሳለ እናትህ ገባች። ማንንም ሰላም ሳትል፣ ፀጉሯን ሳትታጠብ፣ ከእኔ አጠገብ ያለው ካስክ ስር ገብታ ማብሪያውን ተጫነችው። ሴቶቹ ተያዩ። ካስክ ስር ያለ ሰው ድምፁን እንደማይለካ ታውቃለህ፤ እናትህም የምትናገረው እየጮኸች ነበር።

«ቬርሊን።»

«አቤት፣ ሚስ ኦዴሳ።»

«ያ ዘፈን የላቬል አይደለም። የዱዌይን ነው።»

እጄ ላይ የያዝኩት መጽሔት ወደቀ።

«የዚያን እሁድ ከቤተክርስቲያን ስመለስ ሸሚዙን ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፎት አገኘሁት። ሦስት ውሃ ቀየርኩለት። ምን ሆነህ ነው ብዬ አልጠየቅኩትም። እናት የማትጠይቀው ስለማታውቅ ይመስልሻል?»

ጃኒታ ካስኮቹን አንድ በአንድ አጠፋቻቸው። የእናትህን ግን አልነካችም።

«ታዲያ ፍርድ ቤት ለምን ዝም አሉ?» አልኳት።

«ላቬል እያየኝ ነበራ። እማዬ አታውቅም ብሎ ለእኔ ሲል ተሸክሞት፣ አውቃለሁ ብዬ እንዴት ላፍርሰው? ጠበቃው ደግሞ ነጻ ይወጣል ብሎኝ ነበር። ከተፈረደበት በኋላ ፈራሁ፤ ሸሚዙን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ባለፈው ሳምንት ልጠይቀው ሄጄ፣ ቬርሊን፣ ፀጉሩ ሸብቷል። ሃያ አምስት ዓመቱ ነው። የሞተው ልጄ እንኳ ጥቁር ፀጉር ይዞ ነው የተቀበረው።» ወደ እኔ ዞረች። «አንቺስ? አንቺ ምን አፍሽን ያዘው?»

«ቃል ገብቼለት ነበር፣ ሚስ ኦዴሳ።»

«ቃል? አንቺ? ዕድሜሽን ሙሉ የሰው ምስጢር ጸሐይ ላይ ስታሰጪ ኖረሽ፣ የእኔን ልጅ ብቻ ደብቀሽ አስቀመጥሽው?»

አንዲት ሴት ሳቀች፤ ወዲያው ደግሞ ማልቀስ ጀመረች። 

አየህ ላቬል? ሦስታችንም እናውቅ ነበር። አሥራ አንድ ቀን ባንድ ጣራ ስር፣ አንተ ለእሷ፣ እሷ ለአንተ፣ እኔ ደግሞ ለስሜ ብለን ዝም አልን።

ሐሙስ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ እናትህን ይዤ አዲሱ ጠበቃ ጋ እሄዳለሁ። ሁለታችንም የምናውቀውን በመሐላ እንመሰክራለን። ዳኛው መዝገቡን ይከፍተዋል ወይ ስለው፣ «እንጃ፤ ግን እስከዛሬ ያልነበረኝን ነገር ነው የምታመጡልኝ» አለኝ። እናትህን ስለ ሸሚዙ በሕግ ሊጠይቋት እንደሚችሉ ነግሯታል። «ይጠይቁኝ» አለች። ይህ ገጽ ሳይታተም የኤልሮይ እህት ቤት ሄጄ በሯ ላይ ቆሜ ነገርኳት። ሰምታ ስትጨርስ በሩን ዘጋችብኝ። እውነቷን ነው።

ስለ አልበምህ ደግሞ ያኔ መጻፍ የነበረብኝን አሁን ልጻፈው። ሰው የራሱን ጀብዱ ማውራት አያቅተውም፤ ሰፈራችን በዚህ አይታማም። አንተ ግን ወንድምህ ለመናገር ያልደፈረውን ንስሐ፣ ከሞተ በኋላ ድምፅህን አውሰኸው ተናገርክለት። ኖሮታል ብዬ ሳሞግስህ አሳነስኩህ። ሐዘንህን ሰምቶ ሁለት የሰጠህ ሰው እንኳ ከእኔ የተሻለ ሰምቶሃል፤ የሰማውን ለማክበር ነው ያቃተው።

መሐላዬን ስላፈረስኩ ብትቀየመኝ አልፈርድብህም። ቂምህን ግን ከዚያ በር ወጥተህ፣ ፊት ለፊቴ ቆመህ ንገረኝ። እስከዚያው እናትህን ብቻዋን አልተዋትም።

ሐሙስ ዕለት ከሁሉ አስቀድመው መጽሔቱን አውጥተው፣ «ወይዘሮ ቲብስ፣ ይህ የጻፉት እውነት ነው?» ይሉኛል። ከትናንት ጀምሮ መስታወት ፊት ቆሜ እየተለማመድኩ ነው። አይደለም እላለሁ።

ቬርሊን ቲብስ