ቆጵሮስን ማንም አልጠየቃትም

ይድረስ ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ብርዱን ቻለው? የእማዬ ደም ግፊትስ? ኮሮናው ሆሳዕና ከተማም ገባ ሲሉ ሰምቼ ልቤ ተንጠልጥሎ ነው የከረመው። ለአምልኮ ሲወጡ አፍዎን ይሸፍኑ፤ ጌታ ይጠብቀኛል ብለው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ፣ ቢሆንም ይሸፍኑ። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ ደህንነቴ ግን የታሳሪ ደህንነት ነው።

እንደሚያውቁት ዳውንታውን የማጸዳበት ሆቴል፣ ካዚኖው ሲዘጋ አሰናበተን። ከዚያ «አንቴም» በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር አንድ ሽማግሌ ልንከባከብ ገባሁ። ሚስተር አንድሬያስ ይባላሉ፤ ጳውሎስና በርናባስ የሰበኩባት የቆጵሮስ ደሴት ሰው ናቸው። ልጃቸው በሽታ ይዤ እንዳልገባ ብትፈራም፣ ወረርሽኙ እስኪያልፍ እዚሁ ትሆኛለሽ ወይስ እሑድ እሑድ ልጅሽ ጋ መሄድ ትፈልጊያለሽ፣ ምርጫው ያንቺ ነው አለችኝ። እኔ ምን ብል ጥሩ ነው? አይ፣ ግድ የለም፣ እዚሁ እሆናለሁ! እርስዎ እንዳሳደጉኝ፣ በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለት ነውር ነው ብዬ እስክትደግምልኝ ጠበቅኩ። ሴትዮዋ አመስግናኝ ሄደች! እዚህ አገር ሰው አንዴ ነው የሚጠይቀው። ይኸው ከዚያ ወዲህ ከዚህ ግቢ አልወጣሁም።

ልጄ ናርዲዬ ምሥራቅ ላስ ቬጋስ፣ የቤተ ክርስቲያናችን እህት ብርቅታይት ቤት ናት። አንዳንዴ በመኪና ታመጣትና በመስኮት እንተያያለን። በቀደም በስልክ እያወራን ልጄ ዞር ብላ ብርቅታይትን ማሚ፣ ውሃ ስጪኝ አለቻት። ብርቅታይት ደንግጣ ይቅርታ ትለኛለች፤ እኔ ሳቅኩ፣ ምን ላድርግ።

ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ ወሬያቸው ስለ ደሴታቸው ነው። ሮማውያን ገዟት ይላሉ። ኋላ አንድ የእንግሊዝ ንጉሥ ለጦርነት ሲያልፍ ያዛትና ለመስቀል ጦረኞች ሸጣት፤ እነሱ ሕዝቡ ሲያምፅባቸው መለሱለት፣ እሱም ለአንድ ፈረንሳዊ መስፍን ቸበቸባት። ከዚያ የቬኒስ ነጋዴዎች፣ ከዚያ ቱርክ፤ ቱርክ ደግሞ በተራው ለእንግሊዝ አስረከባት። በመጨረሻ ለሁለት ተከፈለችና የእሳቸው ቤት በወዲያኛው ወገን ቀረ። እኔ ሾርባ እያጎረስኳቸው አዳምጣለሁ፤ ልቤ ግን ናርዲ ጋ ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ አንቺስ ልጅሽ ጋ ለምን አትሄጂም? አሉኝ። የእኛን ይሉኝታ እንደምንም አስረዳኋቸው። ማንኪያውን ገፍተው፣ አገሬን ያን ሁሉ ዘመን አንድ ሰው እንኳ ምን ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቃትም፤ አንቺ ተጠይቀሽ አልፈልግም አልሽ? ብለው ጮኹብኝ። ደሜ ፈላ። የእርስዎን አገርና የእኔን ልጅ ምን አገናኛቸው ልላቸው ብዬ ተውኩት። እውነታቸውን ነዋ!

በማግስቱ ለልጃቸው ደወልኩና ዙሪያ ጥምጥም ሳልሄድ፣ ጠቅልዬ ልጄ ጋ መሄድ እፈልጋለሁ አልኳት። እሷ እቴ፣ እንዴ አስካል፣ እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም? አለችኝ። ከቅዳሜ ጀምሮ ሌላ ሰው ይተካኛል። አባዬ፣ አይቀየሙኝና፣ ያስተማሩኝ ጨዋነት ለሆሳዕና ጥሩ ነው፤ እዚህ ግን ልጅ ያስነጥቃል።

ወዲያው ለናርዲ ደውዬ፣ ቅዳሜ መጥቼ እወስድሻለሁ፣ አብረን ነው የምንተኛው አልኳት። ስንት ቀን ትቆያለሽ? አለችኝ። ከእንግዲህ የትም አልሄድም አልኳት። አላመነችኝም፣ አባዬ።

እማዬን፣ መድኃኒትሽን እንዳትረሺ ብላሻለች ይበሉልኝ። ወንድሜን ዮፍታሄን ከነባለቤቱ፣ አክስቴን ጽጌወይንን፣ ጎረቤታችንን ጋሽ ወልደሥላሴን በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። ማታ ስትጸልዩ ደግሞ ናርዲን አስቧት፤ እናቷን እንድትለምድ።

ልጅዎ አስካል
ላስ ቬጋስ፣ ጥር 14 ቀን 2013 ዓ.ም.