ከየኔታ ወንበር ጎን የተቀመጡት መምህር ፈንታሁን ይመር

መምህር ፈንታሁን ይመር ከአባታቸው ከአቶ ይመር አሊጋዝ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ብዙነሽ ተገኝ በ1938 ዓ.ም. በሀብሩ ወረዳ፣ ውርጌሳ አካባቢ ተወለዱ። ዳዊት በሰፈራቸው ደግመው፣ ቅኔ ዋድላ ወጥተው ተቀኝተው፣ የመጻሕፍት ትርጓሜን መርሳ ከነበሩት ከየኔታ ክንፉ ተማሩ። ጓደኞቻቸው ከጉባኤ ጉባኤ ሲዞሩ እሳቸው ከአንድ መምህር እግር ሥር አልተነሡም። የኔታ «አንድም» ብለው ሌላ ፍቺ ከመጨመራቸው በፊት የሚስሏትን ሳል ሳይቀር ያውቃል እየተባለ ይቀለድባቸው ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ከወ/ሮ አለሚቱ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው እኛን ልጆቻቸውን፣ ሂሩትን፣ ብሩክንና ሶስናን ወልደዋል።

የኔታ በ1984 ዓ.ም. ሲያርፉ «ቃሌን አደራ» ብለው ጉባኤውን አወረሷቸው። መምህር ፈንታሁን ግን በየኔታ ወንበር አልተቀመጡም። ሌላ የጠፍር ወንበር አሠርተው ከጎኑ አኖሩ። ፍቺውን ተናግረው ሲጨርሱ ወደ ባዶው ወንበር ዞር ብለው ዝም ይላሉ። ጠፍሩ ሽማግሌ እንደተቀመጠበት ሲጥ ሲል ነው የሚቀጥሉት። ሁላችንም ሰምተነዋል። እናታችን «ምስጥ ነው» ይሉን ነበር፤ ራሳቸው እናታችን ግን አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠውበት አያውቁም።

በ1993 ዓ.ም. ከሌላ መምህር የተማረ ጌትነት የሚባል ደቀ መዝሙር መጣ። ኒቆዲሞስ ወደ ጌታ በሌሊት የሄደው ፈርቶ ነው የሚለው የየኔታ ፍቺ ሲነገር፣ «እኛ ዘንድስ ቀን ሰው ይበዛልና ረግቶ ለመማር ነው ይላሉ» አለ። ተማሪው ሁሉ ይባረራል ብሎ ጠበቀ። አባታችን ግን፣ «የኔታን አጠናኋቸው እንጂ አላመለክኋቸውም። ይኸንንም ያዙት» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ወንበሩ ዝም አለ።

የየኔታን ፍቺ አስቀድመው፣ የሌላውንም አስከትለው ማስተማራቸውን አልተዉም። ግን ወደ ወንበሩ ዞረው ይጠብቁ ነበር። «አደራ በላሁ እንዴ፣ አለሚቱ?» ሲሉ ሰምተናቸዋል። ለአባታችን ያለቀስነው ዛሬ ብቻ አይደለም።

በ2006 ዓ.ም. ጉበታቸው ታሞ ወልድያ ሲታከሙ ቆይተው በፈቃዳቸው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ዓመት ግንቦት 12 ቀን ረፋድ ላይ የየኔታንና የራሳቸውን ወንበር ከአልጋቸው አጠገብ አስቀርበው ያንኑ የኒቆዲሞስን ምዕራፍ አስነበቡ። ዛሬ ራሱ መምህር የሆነው ጌትነት የየኔታን ፍቺ ብቻ ተናግሮ አቆመ። ከመምህራቸው ጋር ታርቀው ይሂዱ ብሎ ነው።

አባታችን ወደ የኔታ ወንበር ዞሩ። ከዚያ ጠፍሩ ሲጥ አለ፤ ከባዶው ወንበርም ያቺ ሳል ተሰማች።

አባታችን ፈገግ ብለው፣ «በል ቀጥል እንጂ ልጄ፣ የኔታ እየጠበቁህ ነው» አሉ። ጌትነትም «አንድም» ብሎ የራሱን ጨመረ። እሱ ሳይጨርስ አባታችን አረፉ። እናታችን ምስጥ ነው አላሉም።

መምህር ፈንታሁን ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የብዙ ደቀ መዛሙርት መምህር ነበሩ። ዛሬ አስከሬናቸው ሲወጣ ባዶ ከቀረው ክፍል ሁለቱም ወንበሮች ሲጥ ሲሉ ሰማን። ተመልሶ የገባ የለም።

እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ከመምህራቸው ጎን ያስቀምጥልን።