ምስክሮቹ የት ይናገሩ?

ኅዳር 9
ቀኑን ሙሉ ካፊያ። የቡና ገበሬዎች ማኅበራችን ጭር ብሏል። ገበሬው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው፤ ከዳሪሙም ከቡሬም ዝር ያለ የለም። የማወራው ሰው አጥቼ ዋልኩ።

ከአዲስ አበባ ሳምራ የምትባል ልጅ መጣች። የምንሠራበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ወደ ክላውድ ልታዛውር ነው አሉ።
“ክላውድ ደግሞ ምንድን ነው ልጄ?”
“ደመና እንደማለት ነው እትዬ።”
“መቱ ላይ ደመና አጥተን ነው?”
ሳቀች። ቆሎ ዘገንኩላት። ጥሩ ልጅ ናት።

ከግድግዳዬ ወዲያ ባለችው ክፍል ያለው ሰርቨር፣ ፕሮግራሙን የያዘው ማሽን፣ ይጠፋል አለችኝ፤ ሥራው ሩቅ ቦታ ባለ ማሽን ላይ፣ በኢንተርኔት ይሆናል። ፕሮግራሙን የሠራው ፋኦል ነው... ነፍሱን ይማረው። ሙት ዓመቱ ካለፈ ቆየ። ያኔ አጠገቤ ተቀምጦ፣ “እትዬ ሽብሬ፣ ገበሬው ሲመጣ መጀመሪያ ምን ይሉታል?” እያለ እየጠየቀ በልካችን ሰፋው።

ኅዳር 28
ሳምራ አሠራራችንን አይታ ጨረሰች። ለሥራ አስኪያጃችን ለአቶ ኩምሳ ስታስረዳ ሰማሁ፦ “ፕሮግራሙ ላይ ማንም የማይነካቸው የመጻፊያ ቦታዎች አሉ። የሚዛወረው ሰው የሚጠቀምበት ብቻ ነው።”
“የምትጨምሪው አለ ሽብሬ?” አሉኝ። ምን ልጨምር? “ኧረ ደህና ነው” አልኩ።

ጥር 13
ሰርቨሩ ተዘጋ። ያ ጉርምርምታው... ስንት ዓመት ከግድግዳው ወዲያ እየሰማሁት ስሠራ። ፋኦልን ዳግመኛ የቀበርነው መሰለኝ።
“ምነው እትዬ?” አለች ሳምራ።
“አቧራው ነው።”

የካቲት 4
ለቀማ አልቆ ሰው መምጣት ጀመረ። ዛሬ ዶሪ መጣች፣ ከዳሪሙ። ጥቁሯን እንደለበሰች። ባሏ ጭምዴሳ በክረምት ነው ያረፈው። አባልነቱ በእሱ ስም ነው፤ ወደ እሷ ካልዞረ ማኅበሩ ቡናዋን አይረከባትም። ሁለት ጎረቤቶቿን ይዛ ነው የመጣችው። ሲጋቡ ምን ወረቀት ነበረ? ወረቀታቸው ጎረቤት ነው።

እኛም እንደዚያ ነበር የምንሠራው። ምስክሮቹ አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፣ ይናገራሉ፣ እጽፋለሁ። ሽማግሌ በምርቃት ነው የሚጀምረውና ፋኦል የመጻፊያውን ቦታ ረጅም አድርጎ ሠራልኝ። “ምርቃቱንም ይጻፉት እትዬ። ምርቃት አይቋረጥም።”

ከፈትኩ... ቦታው የለም። ወደ ላይ፣ ወደ ታች... የለም! “የጋብቻ ምስክር ወረቀት ያስገቡ” ይላል፣ በቀይ። ከምስክሮቹ አንዱ፣ ሽማግሌው፣ መመረቅ ጀምረዋል። እኔ የምጽፍበት የለኝ... እስኪጨርሱ ሰማኋቸው።

የካቲት 5
ሳምራ ጋ ደወልኩ።
“እትዬ፣ እኔ እዚያ እያለሁ አንድ ሰው እንኳን አልተጠቀመበትም እኮ!”
በለቀማ ማን ቡናውን ጥሎ ይመጣል? ይህን እሷ በምን ታውቃለች? እኔስ ምነው አልነገርኳት? ለእኔ እሱ ቦታ መስሎ ታይቶኝ አያውቅም፤ ሰው መጥቶ ሲያወራ መስማት ነው።
“አሁን መልሺው እንግዲህ።”
“ሁሉም ማኅበር አንድ ዓይነት ነው የሚጠቀመው፤ ለእናንተ ብቻ አይቀየርም። ጥያቄ አስገባለሁ...”
“የድሮውስ?”
“ጠፍቷል እትዬ።” ድምጿ ሰለለ። እሷም አሳዘነችኝ።

አቶ ኩምሳ፣ “ፍርድ ቤት ሄዳ ታስወስን” አሉ። ያ ስንት ወር ነው?

የካቲት 12
ከሳምራ ምንም።

የካቲት 24
ዶሪን ገበያ አገኘኋት። መጠበቅ አቅቷት ቡናዋን ለነጋዴ ሰጠች፣ በሰጣት ዋጋ። ፊቷን ታዞርብኛለች ብዬ ስፈራ አቅፋ ሳመችኝ።
“ኦቦሌቲ ኮ፣ እህቴ፣ አንቺ ምን ታደርጊ? ሰዎቹ እንደሆነ መስክረውልኛል።”
ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 6
የምስክሮቹን አግዳሚ መንገድ ዘጋ ብለው ባዶው የሰርቨር ክፍል ከተቱት። ምሳ ሰዓት ገብቼ ተቀመጥኩበት። ፀጥ ያለ ነው። “ሽብሬ፣ ምነው ወሬ አቆምሽ?” ይሉኛል። ምን ላውራ?

ከሰዓት አንድ ሽማግሌ መጡ፣ ከቡሬ፣ የሟች ልጃቸውን ሚስት አስከትለው። ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ፣ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መመረቅ ጀመሩ።
“አባ፣ ወረቀት ይዘዋል?” አልኳቸው።
ምርቃታቸውን አቋረጥኩት።