ቦራን ያቆምኩበት ቀን

ውባለም፣ የቤቴ እመቤት፣

እንደምን አለሽ እንዳልል ያለሽበትን አላውቀውም፤ ከኔ ቤት እንደሚሻል ግን አምናለሁ። ከተለያየን ሁለተኛው መስቀል አልፎ ገብሱም ታጭዷል። ይህን ወረቀት ማን ሊያደርስልህ ነው ብለሽ እንዳትስቂብኝ። ቤተ ልሔም ፊደል ያስቆጠሩኝ የኔታ ለዳዊት ይሁነው ብለው ነበር፤ እኔ ግን ላንቺ አዋልኩት። ዛሬ ልቤ ቀሎኛል፤ ሲቀለኝ የምነግረው ሰው ካንቺ በቀር የለኝም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። የጓዳው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል፤ ሣሩን ባዲስ አስከድኜዋለሁ። ቀይዋ ላም ወልዳለች። በቅሎዬ ግን ሞታብኛለች፤ ሰው ቡዳ ነው ይላል፣ እኔ እርጅና ነው እላለሁ። ልጃችን ጥሩወርቅ አድጋለች። ቁመቷ አንቺን አልፏል፤ ምላሷማ አይነሳ። አንቺ ያስጀመርሽው ነገርም ጸንቶ፣ ወደ ወገዳ መውረጃ ላይ ላሉት ለግራዝማች ልጅ ታጭታ ነበር። “ነበር” ማለቴን ልብ በይ። ክፉኛ የከበደኝም ይኸው ነው፤ ከሥሩ ልንገርሽ።

በቅሎዋ ስትሞት የቀረኝ ቦራ ብቻ ነው። እናቱ የሞተችበትን ውርንጭላ የገብስ ውሃ እያጠጣሽ ያሳደግሽው፣ ያ ቦራ። ታላቅ ወንድምሽ እሱ ወዳለበት ወደ እስቴ ወስዶ ጉግስ አስለመደው፤ ያንቺ ተዝካር ዕለት ደግሞ “የእህቴ ነው፣ እዚሁ ይዋል” ብሎ ትቶልኝ ሄደ። እግዜር ይስጠው፤ ግን ይህ ፈረስ ሕዝብ የተሰበሰበበት ሜዳ ካየ ጥምቀት የሆነ መስሎት ይበራል። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በበቅሎ የኖርኩ ሰው ነኝ። በቅሎ ራሷ ሲደክማት ትቆማለች። ማቆም የሚባል ነገር መማር እንዳለብኝ ማን ነገረኝ?

ጥቅምት ሲገባ የግራዝማች እናት አረፉ። ኩታዬን አዘቅዝቄ፣ ቦራን ጭኜ ወረድኩ። የፈረሰኛውን ሥርዓት ታውቂዋለሽ፤ ከለቅሶው ሜዳ ወዲህ፣ ከወይራው ሥር ይወረዳል፣ ፈረሱ ለሰው ይሰጣል፣ እያለቀሱ በእግር ይገባል። ሹም ይሁን ደሀ ከዚያ ወዲያ በፈረስ የሚያልፍ የለም። ካለፈም ሟቹን ንቆ ነው።

ከወይራው ስደርስ ልጓሙን ሳብኩ። ቦራ ግን ሰዉን አይቶ ጆሮውን ቀስሯል። በሳብኩት ቁጥር ባሰበት። ወይኔ ውባለም! ለቅሶውን ለሁለት ሰንጥቄው አለፍኩ። አልቃሿ ግጥሟን በአፏ እንደያዘች ቀረች። ጥምጥሜ ወደቀ። “ቁም! ቁም!” እያልኩ ስጮህ አዲስ ሙሾ የመሰላቸውም ነበሩ። ፈረሱ የቆመው ከማዶ፣ ከሰው ባቄላ ውስጥ ገብቶ፣ መብላት ሲያምረው ነው።

እየጎተትኩት በእግሬ ተመለስኩ። ፈቀቅ ብሎ ቦታ የሰጠኝ ሰው የለም። ፈረሱ አልቆም ብሎኝ ነው ብል ማን ይመነኝ? የናቀ ሁሉ በፈረሱ ያመካኛል። ግራዝማች ዕለቱን አላናገሩኝም፤ በሳምንቱ ሽማግሌ ላኩብኝ። ቃላቸው እንዲህ የሚል ነበር፦ “ለእናቴ ከፈረስ ካልወረደ ሰው ጋር አልጋባም። እውነት ጥፋቱ የፈረሱ ከሆነ፣ ለአርባቸው በዚያው ፈረስ፣ በዚያው መንገድ ይምጣና ሰው ከሚወርድበት ይውረድ።”

አየሽ ጉዴን? ፈረሱን ባቆመው “ለካስ ያን ጊዜም ማቆም ይችል ኖሯል” ይሉኛል፤ ባላቆመው ደግሞ ውርደቴ እጥፍ ይሆናል። ጥሩወርቅ ልጁን ገበያ ላይ አይታዋለች መሰለኝ፣ ሳትወደው አልቀረችም። አፍ አውጥታ አልነገረችኝም። ለሠርጓ የጀመረችውን ጥልፍ ግን አጣጥፋ ከሳጥኑ ሥር ስትከት አየኋት። እናቷን ያጣች ልጅ በአባቷ ፈረስ ትዳሯን ትጣ? ጭንቄን ስነግራት “ይሂዱ እንጂ አባባ። ቢቆም ካሳ ነው፣ ባይቆምም ምስክር ነው” አለችኝ። እሷ እኔን ታጽናናለች!

ወንድምሽን ከእስቴ አስጠራሁት። መጣና ከማሳው ዳር ቆሞ “ሳብ! ወንድ አይደለህም እንዴ? ሳብ!” ይለኛል። እኔ እስባለሁ። የቦራ አፍ ደማ፣ ሩጫው ግን አልቀነሰም። ወንድምሽ “አንተስ በአህያ ሂድ” ብሎኝ ተናዶ ተመለሰ። ቂም አልያዝኩበትም፤ ለሚችለው ሰው ሁሉ ነገር ቀላል ነው።

በማግስቱ ቦራ ላይ ሆኜ ስለማመድ ጥሩወርቅ ካቡ ላይ ተቀምጣ ምስር እየለቀመች ታየኝ ነበር። ድንገት ሰፌዷን አስቀምጣ ምን አለችኝ መሰለሽ? “አባባ፣ እጅዎ ቁም ይለዋል፣ ተረከዝዎ ሂድ ይለዋል፤ ይህ ምስኪን የትኛውን ይስማ?” ወደ እግሬ አየሁ። እውነቷን ነው! በፈራሁ ቁጥር እርካቡን በእግር አውራ ጣቴ ጨብጬ፣ ሁለቱን ተረከዜን ከፈረሱ ጎን እቀብራቸዋለሁ። እንዳልወድቅ ብዬ እኔው ራሴ አስሮጠዋለሁ፣ መልሼም እኔው አፉን አደማዋለሁ። አፈርኩ። ያን ዕለት ወርጄ አንገቱን አሸሁት፣ ይቅር በለኝም አልኩት።

ከዚያ ወዲያ እጄን ትቼ እግሬን ማስተማር ያዝኩ። ተረከዜን ላላ፣ ወገቤን ወደ ኋላ፣ ትንፋሼን ለቀቅ። ልጓሙንም ሳብ አድርጎ መልቀቅ፣ ደግሞ ሳብ አድርጎ መልቀቅ። ከጎተትኩት እሱም ይጎትተኛል፤ ስለቅለት ግን ይሰማኛል። መጀመሪያ ሲቆምልኝ ሳላስበው ስለሆነ አንገቱ ላይ ተንጠልጥዬ ቀረሁ። ጥሩወርቅ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እኔም እንደተንጠለጠልኩ “እሰይ!” አልኩ።

ቦራ ሰው እንዲለምድ ደግሞ ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበን ማሳው ላይ አቆምንለት። ጥሩወርቅ እንደ ለቅሶ አድርጋችሁ ጩኹ ብትላቸው እትዬ ዘነቡ “ሟርት! ሰው ሳይሞት ማን ያለቅሳል?” ብለው ተቆጡና በምትኩ እልል አሉ። ቦራን ከምንም በላይ የሚያሳብደው እልልታ ነው፤ ሦስት ጊዜ ይዞኝ ጠፋ። በኋላ በኋላ ግን በእልልታውም መሐል ይቆምልኝ ጀመር።

አርባው ደረሰ። ጋራውን ስንወጣ ዳሱ ታየ፣ ሕዝቡም ታየ፣ ቦራ ጆሮውን ቀሰረ። ተረከዜ ቀስ እያለ ወደ ጎኑ ሲጠጋ ታወቀኝ፤ መለስኩት። ሳብኩ፣ ለቀቅኩ። እሱ ልጓሙን እያኘከ፣ በጎኑ እየተራመደ፣ ወይራው ሥር ሲደርስ ቀጥ አለ። ቆመ ውባለም! ቆመ!

ቆይ፣ አላለቀም። ፈረሱ ሲቆም እኔ መውረድ አቃተኝ። እግሬ ይንቀጠቀጣል፣ አልታዘዝ አለኝ። ሕዝቡ ሁሉ ዞሮ ያየኛል። “ይኸው ፈረሱ ቆሟል፤ ድሮም ሰውየው ነው” ሲሉ እሰማለሁ። በቃ፣ የልጄ ነገር እዚህ አከተመ አልኩ።

ግራዝማች ከዳሱ ብድግ አሉ። ቀስ እያሉ መጡ። ምን ሊናገሩኝ ይሆን ስል ጎንበስ ብለው እርካቤን ያዙልኝ። እሳቸውን የሚያህል ሰው የኔን እርካብ! እጃቸው እግሬን ሲነካው መንቀጥቀጤ ታወቃቸው። ቀና ብለው ፊቴን አዩኝና፣ ሌላ ሰው ሳይሰማ፣ “ለካስ እውነትህን ኖሯል” አሉኝ። ትከሻቸውን ይዤ ወረድኩ።

ከዚያ ያለቀስኩትን ለቅሶ አትጠይቂኝ። ለእናታቸው ጀምሬ ላንቺ ጨረስኩት። አንቺ ያረፍሽ ዕለት ሰው ማስተናገዱ ይዞኝ እንዲያ አላለቀስኩም ነበር፤ እስከዚያ ቀን ድረስ ደረቴ ላይ ተቀምጦብኝ ኖሯል። ወጣልኝ። ሲበላ ግራዝማች ከጎናቸው አስቀምጠው አጎረሱኝና “በል እንግዲህ፣ ለጥር ልጃችንን ስጠን” አሉኝ። ለጥሩወርቅ ስነግራት ጥልፉን አውጥታ ወደ ብርሃኑ ሄዳ ተቀመጠች። እኔም ያን ሌሊት ያለ ሐሳብ እስኪነጋ ተኛሁ።

አንድ ነገር ልንገርሽና ላብቃ። ዳሱ ውስጥ አንዲት የማላውቃቸው እናት “ሙሽራይቱ የማን ልጅ ናት?” ብለው ጠየቁኝ። አባት ቁጭ ብሎ ልጅን በእናቷ መጥራት በኛ አገር ወግ አይደለም፤ ከአፌ የወጣው ግን ያንቺ ስም ነው። ሰዉም ዞር ብሎ አየኝ። ይየኝ። በሠርጓም ቢጠይቁኝ፣ ወልዳ ክርስትና ስናነሳም ቢጠይቁኝ፣ አርጅቼ የገዛ ስሜን ስረሳም ቢጠይቁኝ፣ መልሴ ይኸው ነው፤ የውባለም ልጅ ናት።