ለቦቃ የቀመስሽለት ቂጣ

ከአሸተን ማርያም ሥር
ታኅሣሥ 1981 ዓ.ም.

ውድ አበልጄ አሰለች፣

ውድ ያልኩሽ ለደብዳቤ ሌላ መጀመሪያ ስላጣሁ ነው። ጤናሽንም አልጠይቅም፤ ደህና መሆንሽን የላክሽብኝ ጋሻዬ ነግሮኛል። ኮን ላይ ቆርቆሮ ቤት ሠርታችሁ፣ ባልሽ ከፋለ ቢሮ ገብቶ፣ ልጅሽ ምስጋኑ ሱቅ ከፍቶ እንደምትኖሩ አጫወተኝ። ጥር ላይ አመተ ሥላሴን ልትድሪ ነው አሉ። የክርስትና እናቷ ካልመጣች ሠርጉ ሠርግ አይሆንም ብለሽ ልከሽብኛል። መልሱን በጋሻዬ አፍ ልሰድልሽ ነበር፤ ግን የሰው ቃል መንገድ ላይ ይለዝባል፣ ይሄኛው እንዲለዝብ አልፈልግም። ስለዚህ መሠረተ ትምህርት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን በተማርነው ፊደል ራሴ ጻፍኩት። አንቺም ለማንም ሳታስነብቢ ራስሽ አንብቢው።

የምጽፍልሽ ስለ ቦቃ ነው። ውሻዬን መቼም አልረሳሽውም፤ ያ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት ጥቁር። ቡችላ ሳለ እናቱ አንድ የማናውቀው ሰው የጣለላትን ሥጋ በልታ፣ እሱ ዓይኑ እያየ፣ በመርዝ ሞተችበት። ከዚያ ወዲህ እህል ፈራ። ምግብ ባቀረብኩለት ቁጥር አሸተት ያደርግና ወደ ኋላ እያፈገፈገ ይንቀጠቀጣል። የገብስ ገንፎ ሠራሁለት፣ አልነካውም። እርጎ ሰጠሁት፣ ዝንብ ጠጣው። ሳህኑን ለወጥኩ፣ ቦታውን ለወጥኩ፤ ባሌ አረጋ «ይሄ ውሻ ነው ወይስ ባለዛር» እያለ ይስቅብኛል። እውነቱን ነው፤ እንደ ሙሽራ ካልተለመነ የማይጎርስ ውሻ እኔም ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

መላውን ያገኘሽለት አንቺ ነሽ። አንድ ቀን ደጄ ላይ ጥጥ ስትፈትዪ ጠላ ቀዳሁልሽ። እንደ ወጉ ከጠላው በመዳፌ ጠብ አድርጌ ቀምሼ ስሰጥሽ ጊዜ ሳቅሽና፣ «ለኔ እንዲህ የምትቀምሺ ለሱስ ምን አለበት? መርዝ ያየው እሱ፣ እኔ ምን አይቻለሁ?» አልሽኝ። ከኔም እጅ አልጠበቅሽም። ቂጣ ቆረስሽ፣ አንዱን እሱ እያየሽ ጎረስሽ፣ አኝከሽ ዋጥሽ። ቀሪውን መሬት ላይ አስቀመጥሽና ጀርባሽን ሰጥተሽው ቁጭ አልሽ። ቦቃ መጣ፣ አሸተተ፣ ሄደ፣ ተመልሶ መጣ። ትንሽ ይነክስና ቀና ብሎ ጀርባሽን ያያል፤ ደግሞ ይነክሳል። አንዲት ቂጣ እስኪጨርስ ጥላው ዞረ፣ አንቺም እንዝርትሽን ረስተሽ ሳትነቃነቂ ተቀመጥሽለት። እኔ በበሩ ስንጥቅ እያየሁ አለቀስኩ።

ከዚያ ወዲህ ካንቺና ከኔ በቀር ማንም አብልቶት አያውቅም። አረጋ «ለውሻ ቀማሽ አልሆንም» ብሎ ናቀው፤ ቦቃም እሱን ናቀው። ልጄ አዝመራው ደግሞ መቅመሱንስ ቀመሰለት፣ ግን ዘወር ብሎ ሳያየው አይቀርም፤ ሲያየው ቦቃ ጥሎት ይሄዳል።

ከዚያ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። ገበሬ ማኅበሩ ጎረምሳ አምጣ ተባለ፣ ሊቀመንበሩ ደግሞ ያንቺው ከፋለ ነበር። አዝመራውና ምስጋኑ በአንድ ሰሞን የተወለዱ፣ በአንድ ሰሞን ጺም ያወጡ ናቸው፤ አንዱ ሲፈለግ ሌላው አይቀርም። እኔ ልጄን ቆጡ ላይ ደበቅኩት። ይህን ከአረጋ ሌላ የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። የነገርኩሽ አምኜሽ ነው እንኳ አልልም፤ ካንቺ የሚደበቅ ነገር አለ ብዬ አስቤ ስለማላውቅ ነው። ጠባቂው ቦቃ ነበር። ታጣቂዎቹ ገና ከታች ከመንገዱ ብቅ ሲሉ ይጮኻል፣ አዝመራው በጓሮ ወጥቶ ገደሉ ውስጥ ይገባል። እየመጡ ባዶ ቆጥ አይተው ይመለሱ ነበር።

የዚያን ዓመት ፍልሰታ እንደ ወትሯችን አቀበቱን እየወጣን አሸተን ማርያም እናስቀድስ ነበር። አንቺ ከከፋለ ጋር ቆርበሽ የተጋባሽ ነሽ፤ በፍልሰታ ቁርባን አያመልጥሽም። ያን ቀን ግን ዘግይተሽ፣ በላብ ተጠምቀሽ መጣሽ። ቆራቢዎች ሲገቡ አልገባሽም፤ ከውጭ ከድንጋዩ ሥር ነጠላሽን ተከናንበሽ ቆምሽ። የሴት ነገር ይሆናል ብዬ አልጠየቅኩሽም። ቁልቁል ቤቴን አየሁት፣ ጸጥ ብሏል። የቦቃ ድምፅ እስከ ተራራው ድረስ ይሰማ ነበርና ዝም ማለቱን ሰላም ነው ብዬ ማርያምን አመሰገንኳት።

ስወርድ ቆጡ ተገልብጧል። ልጄ የለም። ጫማውን እንኳ አላስደረጉትም።

ቦቃ ከኮረብታው ወዲያ፣ ከምንጩ በኩል፣ አፉን እየላሰ መጣ። ሄጄ ሳይ ድንጋዩ ላይ በተልባ የራሰ የገብስ ቂጣ ፍርፋሪ አለ። ያን ጊዜ ዓይኔ ያየው ውሻውን ብቻ ነው። ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል፤ የኔው ዕድሜ ልኩን ያበላሁት ለአንዲት ቂጣ ሸጠን ብዬ በድንጋይ አባረርኩት። ማን አበላው ብዬ አላሰብኩም። ከኔ ሌላ አንቺ ነሽ፣ አንቺን ደግሞ ከራሴ ለይቼ አላይሽም ነበር። ደርሰሽ አቀፍሽኝ። ከኔ ድምፅ ያንቺ እስኪበልጥ አለቀስሽ።

«አብሽሪ አበልጄ» አልሽኝ፣ «ውሻ ድሮስ ምን ይታመናል።»

ቦቃ ድንጋዩን ችሎ ተመለሰ። ደጄ ላይ ተኛ፣ እህል የሚባል አልቀመሰም፣ ጎድኑ ወጣ። ልጄን ቢያስወስድብኝም አንጀቴ አልቻለም። አንድ ማለዳ ቂጣ ይዤለት ወጣሁና ጀርባዬን ሰጠሁት፤ አልተጠጋም። ቀምሼ ማሳየት ነበረብኝ። ግን ፍልሰታው አላለቀም፣ ቅዳሴም አልተገባ። ጉርሻውን አፌ ድረስ አድርሼ እጄ ቆመ። እንደዚያው እንደያዝኩት ሁሉ ነገር ገባኝ። ያን ቀን ቦቃን ያበላ ሰው ቀምሶለታል። የቀመሰለት ሰው ጾሙን ገድፏል። ጾሙን የገደፈ ደግሞ አይቆርብም።

ቂጣ እያሳየሽ ከኮረብታው ወዲያ ወሰድሽው፣ ቀመስሽለት፣ ጀርባሽን ሰጥተሽው ተቀመጥሽ። በልቶ እስኪጨርስ ስንት እንደሚፈጅበት ታውቂያለሽ። ታጣቂዎቹም ያውቁ ነበር፤ ነግረሻቸዋላ። ከዚያ የተረፈውን ድንጋዩ ላይ ትተሽለት አቀበቱን ወጥተሽ መጣሽ። አሰለች፣ እህል የቀመሰ አፍሽን ይዘሽ ቅዱስ ቁርባኑን ለመቀበል ፈራሽ። የማርያምን ልጅ ፈራሽ። የኔን ልጅ አስይዘሽ እኔን አቅፈሽ ለማልቀስ ግን ምንም አልፈራሽም።

እንዲያም ሆኖ ተሳስቼ በሆነ ብዬ ለምኛለሁ። ፍልሰታው ከተፈታ በኋላ ልትጠይቂኝ ስትመጪ ቂጣ የሰጠሁሽ ለዚያ ነው። ቦቃ አይቶሽ ጅራቱን እየቆላ ከጀርባሽ ተቀምጧል። «እስቲ ያዥ፣ ቅመሽለት» አልኩሽ። ጾም አልነበረም፣ የሚከለክልሽ ነገር አልነበረም። ቂጣውን ይዘሽ ቆየሽ፤ ወደ አፍሽ አልሄደልሽም። ከብት ልሰብስብ ብለሽ መሬት ላይ አስቀመጥሽውና ተነሣሽ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጥሽም። የገበሬ ማኅበሩ ኮታ ሞላ ተባለ፣ ምስጋኑ ሳይወሰድ ቀረ፣ እናንተም ወደ ኮን ሄዳችሁ።

እናት ነሽ። ከፋለ ወይ ያንቺ ልጅ ወይ የሷ ሳይልሽ አልቀረም፤ ምን ያህል እንደጨነቀሽ ይገባኛል። የማይገባኝ ሌላ ነው። ብትነግሪኝ ኖሮ ምስጋኑን ከአዝመራው ጎን አስተኛው ነበር። ቆጡ ለሁለት ይበቃል። ቦቃም ለሁለቱ ይጮኽ ነበር። አንቺ ግን ያን ፈሪ ውሻ ያሳመንሽበትን ደግነት መልሰሽ እኔኑ ወጋሽበት። ደግነትሽ ባይኖር ኖሮ ልጄ ዛሬ ቤቱ ነበር፤ እንዲህ ያለ ነገር ለማን ይነገራል?

አዝመራው ከሰሜን አንድ ጊዜ ሰው ልኮብን ነበር። ደህና ነኝ ብሏል፤ ቦቃ ይበላል ወይ ብሎም ጠይቋል። ከዚያ ወዲህ ወሬው ጠፋ።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። እመጣለሁ። አመተ ሥላሴን ከጥምቀቱ ውኃ የተቀበልኳት እኔ ነኝ፤ ልጄ ናት፣ በእናቷ ሥራ አልፈርድባትም። ግንባሯን ስሜ እመርቃታለሁ፤ የወላድ አንጀት ያለው ባል ይስጥሽ፣ ልጅሽን ደጅሽ ላይ ያሳድግልሽ እላታለሁ። አንቺ ከጎኗ ቆመሽ አሜን ትያለሽ፣ እኔም እሰማሻለሁ።

ከዳሱ ስገባ ግን ጠላ አትቅጂልኝ። ሰው እንዳይታዘብሽ ብለሽ ከቀዳሽም በመዳፍሽ አትቅመሽልኝ። አንቺ ቀምሰሽ የሰጠሽውን ያመነ ምን እንደሚደርስበት ቤቴ ገብቼ አይቻለሁ። እንጀራሽን ሳልቆርስ፣ ጠላሽን ሳልነካ እውልና እመለሳለሁ። ለምን አትበላም ቢሉሽ ታማ ነው በያቸው። ከፈለግሽ ደግሞ እውነቱን ንገሪያቸው፤ እንደ ቦቃ እህል ፈርታ ነው በይ።

አበልጅነት አይፈርስ ነገር፣
አበልጅሽ ደብሪቱ